ቀይ ክር የተሰፋበት ጋውን

በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት የሠራሁትን ሴት፣ ነርሶቹ ሁሉ «እትዬ አንሶላ» ይሏታል። የሰዓት ፊርማ የሚቆጣጠረው ሰውዬ እንኳ በዚሁ ስም ነው የሚጠራት። እሷ ታጥባለች፣ የተቀደደውን ትጠግናለች። እኔ እተኩሳለሁ፣ አጥፌም በጋሪ ወደ ላይ አደርሳለሁ። ሁለታችንም ምላሳሞች ነን። ልዩነታችን እኔ ከተናገርኩ በኋላ እጸጸታለሁ፣ እሷ አትጸጸትም።

ምድር ቤት የሚሠራ ሰው ሆስፒታሉን የሚያውቀው ከላይ በሚወርድለት ልብስ ነው። ዶክተሮቹ ምን እንደሠሩ ማንም አይነግረንም፤ እኛ ግን እናያለን። እናቶች የሚወልዱበት ክፍል አንሶላ ሌላ ነው፤ አጥንት የሚጠገንበት ክፍል ደግሞ ነጭ የጄሶ ዱቄት ይዞ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የአጥንቱ ክፍል ልብስ ወደ ወላዶች ሄዶ ሆስፒታሉ ሲተራመስ፣ እትዬ አንሶላ መርፌዋን አንስታ ለየክፍሉ ምልክት አወጣች። የሁሉም ልብስ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ጣት የምታህል ስፌት ሰፋች፤ ለአጥንት ሰማያዊ፣ ለወላዶች ቢጫ፣ ለልብ ቀይ ክር። ሽቦ በእጅ በኩል አስገብተው የልብን ደም ስር የሚያዩበት ክፍል ልብስ ግን ምልክት የለውም፤ የሌላው ሁሉ ምልክት ካለው፣ ምልክት የሌለው የዚያ መሆኑ ይታወቃል ብላ ነው የተወችው። ከዚያ ወዲህ ልብስ ተቀላቅሎ አያውቅም። ለዚህ ያመሰገናት ሰውም የለም።

የልቡ ክፍል ትልቁ አንሶላ ሁለት ክፍተት አለው። አንዱ በደረት በኩል ነው፣ ሌላው ረጅሙ በእግር በኩል። ደሙ ሁልጊዜ ሁለቱም ጋ አለ። እትዬ አንሶላ ይሄ ነገር ከነከናት። ልብ ያለው ደረት ውስጥ ነው፤ እግር ምን አደረገ? እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ ገና አዲስ ሳለች፣ የቀዶ ጥገናውን ክፍል አለቃ ሲስተር ደረጃ ላይ አግኝታ ጠየቀቻት። ሲስተሯም «አንቺ እጠቢ። ይሄ አንቺን አይመለከትም» አለቻት። ይህን ሳትነግረኝ የሄደ ዓመት የለም። ቂም አይረባም የሚል ሰው እትዬ አንሶላን አያውቃትም፤ እሷ ቂሟን እንደ አንሶላው አጥባና አጥፋ በየዓመቱ ታወጣዋለች።

ሕመሙ የጀመራት እኛ ሳንነቃ ነው። እርጥብ አንሶላ ከማሽን ስታወጣ ትቆማለች፤ ምን ሆንሽ ስላት እንፋሎቱ ነው ትላለች። ደረጃው ወገብ ላይ ትቀመጣለች፤ ጉልበቴ ነው ትላለች። ግራ እጇን ስታሻሽ አይቻት ደግሞ በቀኜ ብቻ መሥራት ሰልችቶኝ ነው አለችኝ። ስድስት ወር እንዲህ አላገጠችብኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እርጥቡ ክምር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷ የታጠበ ጨርቅ መስሎ ላብ አጠመቃት። መንጋጋዬን ያዘኝ፣ ጥርሴን ነው መሰለኝ አለች። በዚያው በልብስ ጋሪዬ ገፍቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል አወጣኋት። እየገፋኋት እንኳ ታጥፎ ስላልተነሣ ልብስ ነበር የምትቆጣኝ።

በእጇ በኩል ሽቦ አስገብተው ልቧን አዩ። ከዚያ ዶክተሩ የጠራው እሷን አልነበረም፤ ልጇን ነው። ልጇ መምህር ነው፣ የጂኦግራፊ። ተራራውን፣ ወንዙን፣ የትኛው ባሕር የት እንዳለ ለልጆች ሲያስረዳ የሚውል ሰው፣ የእናቱን ጉዳይ ግን ኮሪደር ላይ ሰምቶ አፉን ለጎመ። ለልቧ ደም የሚያመላልሱት ሦስት ደም ስሮች ጠበዋል፣ በሽቦ የሚሆን አይደለም፣ ደረቷ መከፈት አለበት ተባለ። ልጇና ታናሽ እህቷ ተመካከሩና እንዳትሰማ ወሰኑ። እኔንም ከካውያዬ ላይ አስጠርተው ጨመሩኝ።

ምክንያት አልጎደላቸውም። አባታቸው፣ የሁለቱ እህትማማቾች አባት፣ በሽታው በተነገረው በሳምንቱ ነው የሞተው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሄደ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ለታማሚ እውነት አይነገርም። ልጁም ባለፈው እንደሆነው በእጅ በኩል ነው እንበላት፣ ትንሽ ይረዝማል ብቻ እንበላት አለ። የፈቃዱን ወረቀት በእሷ ቦታ እሱ ፈርሞ ጨርሶ ነበር። እህትየዋ ደግሞ ክንዴን ጨብጣ «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ዓይን ያወጣ ውሸት ለመዋሸት ተስማማሁ፣ ለዚያውም በአሥራ ሰባት ዓመት ባልንጀራዬ ላይ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ጆሮውን ባዳ የምናደርገው እኛው ነን።

ሦስት ቀን ዋሸኋት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ የተያዘላቸውን ሰዎች ጋውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ይሄ የዘወትር ሥራዬ ነው። ዝርዝሩን አያለሁ፣ ማን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገባ አነባለሁ፣ የዚያን ክፍል ጋውን አልጋው ላይ አስቀምጣለሁ። ለአጥንቱ ሰማያዊ፣ ለወላዷ ቢጫ። እሷ አልጋ ጋ ስደርስ ስለ አዲሱ ሳሙና እያወራኋት ጋውኑን እግርጌዋ አኖርኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ያመለጠኝ እጄ ነው።

እትዬ አንሶላ ልብስ ስትቀበል መጀመሪያ የምታደርገው ነገር አለ፤ ጠርዙን ገልበጥ አድርጋ ታያለች። ልማድ ነው። ገለበጠችው። ጣት የምታህለው ቀይ ስፌት፣ የራሷ ስፌት ላይ፣ አውራ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። እኔ ስለ ሳሙናው ማውራቴን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ ማልቀሴ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነው» አልኩ። ሌላ የምለው ከየት ይምጣ።

አልጮኸችም። ጋውኑን ለአራት አጠፈችው፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። ከዚያ ዶክተሩ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት አልኳት። እንግዲያው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚህ ንቅንቅ አልልም፣ አንቺም አትሄጂም አለች። ጋሪዬን በሩ ላይ አቁሜ ቀረሁ። የቀሩት ሰዎች ጋውናቸውን የጠበቁት በእኔ ምክንያት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እጄ ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ዓመት አለፈኝ። ምልክት የሌለው ጋውን ጋሪዬ ላይ ነበረ። እሱን ማስቀመጥ እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አላውቀውም፤ ብቻ እንኳን ተሳሳትኩ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ዶክተሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ። ረጅም፣ ፈጣን፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አልጋ የሚራመድ ዓይነት ሰው ነው። ልጇና እህቷም ደርሰው ነበር። ዶክተሩ እንዴት ዋሉ ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ እትዬ አንሶላ ጥያቄ አለኝ አለችው። ቆመ።

«ዶክተር፣ የልብ ክፍሉን አንሶላ እኔ ነኝ የማጥበው። ደም ያለው ደረቱ ጋ ብቻ አይደለም፣ እግሩም ጋ ነው። ለምንድነው? ይሄን ስጠይቅ አንቺን አይመለከትም ተብዬ ነበር።» ከዚያ የተቀመጠችበትን ጋውን መዝዛ አወጣችና ቀዩን ክር አሳየችው። «አሁንስ ይመለከተኛል?»

ተማሪዎቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ዶክተሩ ወደ ልጇ ዞረ፤ ልጇ ወደ መስኮቱ። እህትየዋ ነገሩን ለማለስለስ ክሩ ምንም ማለት አይደለም፣ ልብስ ተሳስቶ ነው ማለት ስትጀምር፣ እትዬ አንሶላ ልብስ እዚህ ቤት እንደማይሳሳት፣ እንዳይሳሳት ያደረገችውም ራሷ መሆኗን ነገረቻት።

ዶክተሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። እሷ ከለከለችው። ንጹሕ አንሶላ ላይ በውጭ ልብስ አይቀመጥም አለችው፤ እኔ ከኮሪደሩ ወንበር አመጣሁ። ሲቀመጥ ቁመቱ ከእሷ ጋር እኩል ሆነ። ያን ሰው ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅዎ እንዳይነገርዎት ስለጠየቀኝ ነው፣ ግን እሺ ማለቴ የእኔም ጥፋት ነው አላት። በጥፋቱ ኋላ እንተሳሰባለን፣ አሁን እግሬን አለችው።

ከዚያ አስረዳት። በእግር ውስጥ፣ በቆዳው ሥር የሚሄድ ረጅም ደም ስር አለ፤ ቢወሰድ እግሩ በሌሎቹ ይኖራል። እሱን ያወጡታል፣ ይቆርጡታል። ከልብ በላይ ካለው ትልቁ ደም ስር ላይ አንዱን ጫፍ ይሰፋሉ፣ ሌላውን ጫፍ የጠበበውን ቦታ አልፎ ካለው ላይ ይሰፋሉ። የጠበበው እዚያው ይቀራል፣ አይነካም፤ ደሙ ግን በአዲሱ ይሄዳል። ለሦስተኛው ደግሞ ከደረት ግድግዳ ውስጥ ሌላ ደም ስር አለ፣ እሱን አውርደው ያገናኙታል። እትዬ አንሶላ ስፌቱ በምን ክር ነው ብላ ጠየቀች። ከፀጉር በቀጠነ ክር አላት። ስንት ጊዜ ይወጋል አለች። ቆጥሮ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ስፌቱን የማይቆጥር ሰው ልብስም ቢሰጠኝ እፈራው ነበር አለችው። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ።

ደረቱስ? አለች። መሐል ለመሐል አጥንቱ ይከፈላል፣ ሲያልቅ በሽቦ ይታሰራል፣ ሽቦው እዚያው ይቀራል፣ አጥንቱ እስኪጋጠም ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ሲነቁ ጉሮሮዎ ውስጥ ቱቦ ይኖራል፣ ለጊዜው መናገር አይችሉም አላት። ይሄ ነው ያስፈራት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ስፌቱ በሚሰፋበት ሰዓት ደግሞ ልቧ እንደሚቆም፣ ደሟን ማሽን እንደሚያዞርላት ነገራት።

«ልቤ ቆሞ ሳለ እኔ የት ነኝ?» አለችው።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብ አደረገ። «እናቴ፣ እሱን አላውቅም። የማውቀው እንደሚመለሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ።»

አብዛኛውን ማለት ስንት ነው አለች። ከመቶ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሰው እንደማይመለስ ሳይሸፋፍን ነገራት። ባይሠራስ? ባይሠራ የሚቀጥለው ሕመም የት እንደሚይዛት ማንም እንደማያውቅ፣ ዓመት ሊያቆያትም ቀን ሊያቆያትም እንደሚችል ተናገረ። ይሄኔ እህትየዋ ጆሮዋን ያዘች። ልጁ በቃ፣ ዶክተር፣ በቃ አለ።

እትዬ አንሶላ ዞራ አየችው። አሁን ነው የተቆጣችው። የልጇ ፊርማ ያለበትን ወረቀት እንዲያመጡላት አዘዘች። አንዱ ተማሪ ከፋይሉ አውጥቶ ሰጣት። አነበበችው፤ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ተከትላ።

«ደረቱ የማን ነው?» አለችው ልጇን።

«እማዬ፣ አያቴ እኮ…»

«አያትህ በሰማው ነገር አልሞተም። በበሽታው ነው የሞተው። ስለሰማ አንድ ሳምንት አገኘ፤ ያን ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እያለቀሰ የነበረው እኛ ሁላችን ምንም የለብህም እያልን፣ እየዋሸን ገብተን ስለምንወጣ ነው። እኔ ነኝ የማስታምመው የነበርኩት፣ እኔን ጠይቁኝ።» እህቷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ደባቂው ባለ በሽታው ሳይሆን ልጁ ሲሆንስ? እስቲ አሁን በአፍህ በል። ነገ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

ልጇ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በተማሪዎቹ ፊት፣ በእኔ ፊት፣ የአልጋውን ብረት ይዞ ቆመ። «ደረትሽ ይከፈታል» አለ። «ልብሽ ይቆማል። ከእግርሽ ደም ስር ይወስዳሉ።» ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። የማታለቅሰው እሷ ብቻ ነበረች። እጁን ይዛ በል ይሄው፣ ሰማሁ፣ አልሞትኩም አለችው።

ግን አልፈረመችም። አንድ ሰዓት ስጡኝ አለች። ዶክተሩ የነገው ቦታ ካለፈ የሚገኘው ከሳምንት በኋላ እንደሆነ፣ መቆየቱን እንደማይወድ ነገራት። አንድ ሰዓት ነው ያልኩት፣ አንድ ሳምንት አላልኩም ብላ ሁሉንም አስወጣች። እኔን ግን ወደ ምድር ቤት ላከችኝ፤ ከሚጠገነው ክምር ውስጥ የልቡን ትልቅ አንሶላ እንዳመጣላት።

አመጣሁላት። አልጋው ላይ ዘረጋነው፤ አረንጓዴው ታጥቦ ታጥቦ ነጣ ብሏል። በደረት በኩል ያለውን ክፍተት በእጇ ዳሰሰች። ጥጉ ላይ የራሷ ጥገና አለ፣ ጥርስ በጥርስ የሄደ ስፌት። ይሄን መቼ እንደሰፋሁት አስታውሳለሁ፣ ዝናብ ነበር አለችኝ። ቀጥላ ረጅሙን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በእግሯ ልክ ለካችው። ስንቱን ሰው ሸፍኛለሁ አለች። ስንቱ ሳያውቅ እዚህ ሥር ገብቷል አለች። ከዚያ ይቅርታ እንድጠይቃት የምትጠብቅ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። አንቺ እንኳ መዋሸት አታውቂበትም፣ ስለ ሳሙና እንደዚያ የሚያወራ ሰው የለም አለችኝ። ተሳሳቅን። ያን ጊዜ እንደምትፈርም ገባኝ።

ሲመለሱ የልጇን ፊርማ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ የራሷን ፈረመች። ስሟን ሙሉውን ጻፈችው፣ እስከ አያቷ። አንሶላውን መልሼ ስወስድ፣ ጥጉ ላይ አንድ ስፌት ስለላላ ሳላጠብቀው ወደ ላይ እንዳላወጣው አስጠነቀቀችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ገባች። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ካውያዬ ሥር ሁለት የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። በማግሥቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር አየኋት። ቱቦው ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር። ያየችኝ ጊዜ በእጇ የመጻፍ ምልክት አሳየች፣ የክፍሉ ነርስ እርሳስና ወረቀት ሰጠቻት። በተንጋደደ ፊደል የጻፈችው «እግሬ ነው ይበልጥ የሚያመኝ» የሚል ነበር። እህቷ ያ ቱቦ እስኪወጣ ያሉትን ሰዓታት በሕይወቷ ዝም ያለችባቸው ብቸኛ ሰዓታት ብላ እስካሁን ታነሣቸዋለች።

ማገገሙ ቀላል አልነበረም፣ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም፤ መዋሸት ትቻለሁ። ስታስል ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ነው፣ ያም ሆኖ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ከማንቆርቆሪያ የከበደ ነገር እንዳታነሣ ተከለከለች። እግሯ አበጠ። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምክንያት ታለቅስ ጀመር፣ ግድግዳ አይታ፣ ጫማዋን አይታ። ልጇ ደንግጦ ወደ እኔ ደወለ። እሷ ስልኩን ነጥቃው ይሄም ይመጣል ብሎ ዶክተሩ ነግሮኛል፣ ተራው ደርሶ ነው፣ ያልፋል አለችኝ። አለፈም።

በአምስተኛው ወር ተመለሰች። ከባዱን ማንሣት ስለማትችል ኃላፊያችን ጥገና ብቻ ሰጣት። የመጀመሪያው ቀን የልቡን ክፍል ጋውኖች በሙሉ አስመጣች፤ ሃምሳ ሦስት ናቸው። ከጠርዙ በውስጥ በኩል ያለውን ቀይ ክር ፈታችው። ከዚያ በፊት ለፊት፣ በደረቱ ላይ፣ እጅ የሚያህል አድርጋ በቀይ ክር ሁለት ፊደል ሰፋችበት፤ «ልብ»። ሁሉንም። ሦስት ሳምንት ፈጀባት።

ወሬው ወዲያው መጣ። ቤተሰቦች ተማረሩ፤ ታማሚያችንን አስደነገጣችሁብን አሉ። ኃላፊያችን ወርዶ ይህ ነገር ይፈታ አላት። እሷ መቀሷን ከኪሷ አውጥታ በመያዣው በኩል አቀበለችው። እኔ ሰፍቻለሁ፣ የሚፈታው አንተ ነህ አለችው። መቀሱን ይዞ ጋውኖቹን አየ፣ የሸሚዟ ቁልፍ አጠገብ ብቅ ያለውን ጠባሳ አየ፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ፊደሎቹ እስካሁን አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጡረተኛ ሹፌር አልጋ ላይ ጋውን አኖርኩ። ሴት ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀችብኝ። ያን ምልክት አውቀዋለሁ፣ እኔም ተማክሬበታለሁ። ሰውዬው ፊደሎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ይሄ ምን ማለት ነው፣ እህቴ፣ እኔ እኮ ትንሽ ነገር ነው ተብያለሁ አሉኝ።

«ዶክተሩ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል፣ እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው። «እግሬንስ ምን ልታደርጉት ነው ብለውም ይጠይቁ።»

ልጅቷ በዓይኗ ወጋችኝ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ወንበር አመጣሁና ዶክተሩ እንዲቀመጥበት አልጋቸው አጠገብ አቆምኩት።